የተገዘተው ውኃ

ጂንጃ፣ ዩጋንዳ
ጥቅምት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ ወይዘሮ ሽታዬ

ሰላምታዬ ካለሁበት ይድረስዎ። የጉልበትዎ ሕመም ጋብ ብሎልዎት፣ ሰብሉም ከበረዶ ተርፎ እንደሚሆን ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ ከነዓሣ ማራቢያ ሥራዬ ደህና ነኝ።

ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልዎ ልጅ ጢሞቲዎስ ይባላል። ዳንግላ ላይ የፕሮጀክታችን ባልደረባ ነው። ስልክ ስደውል ስለማያነሱ በወረቀት ለመጻፍ ተገድጃለሁ። የእኔን ጽሑፍ እሱ ቢሮው አትሞ ያመጣልዎታል፤ እርስዎም የሚሉት ካለ ጽፈው ቢሰጡት በስልኩ ፎቶ አንሥቶ ይልክልኛል።

ጉዳዩ እንዲህ ነው። ባለፈው ሳምንት ከባሕር ዳር ማራቢያ የመጡ የነጭ ዓሣ ጫጩቶች ዛጉሪ ወንዝ ላይ፣ ከእርስዎ መሬት ከፍ ብሎ ተለቀዋል። ነጭ ዓሣ ጣና ይኖራል እንጂ ጣና አይፈለፈልም። ክረምት ሲገባ በግልገል ዓባይ ሽቅብ ወጥቶ እንደ ዛጉሪ ባሉ ጠጠራማ ወንዞች ውስጥ እንቁላሉን ይጥላል። ጫጩቶቹ እዚያው ከፍ ይሉና ውኃው ሳይቆረጥ ወደ ሐይቁ ይወርዳሉ። ዓሣው ልጅነቱን ያየበትን ወንዝ አይረሳም፤ አድጎ ለመራባት ወደዚያው ይመለሳል። ዛጉሪ ላይ ግን በመረብ፣ በውኃ ጠለፋ፣ ከሁሉም በላይ በብርብራ ምክንያት ዘሩ ከጠፋ ሃያ ዓመት አልፎታል።

የመጀመሪያው ሙከራችን እንዴት እንደከሸፈ ሁለታችንም እናውቃለን። ከሦስት ዓመት በፊት የለቀቅናቸውን ዓሣዎች ጋሼ ይሄነው የብርብራ ፍሬ ወቅጠው ውኃው ላይ በትነው፣ ሁሉንም አስክረው በጀርባቸው አንሳፈፏቸው። የአራት ዓመት ድካሜ በአንድ ጠዋት አለቀ። አሁን ባለቤትዎ በሕይወት የሉም፤ የወንዙ ዳር መሬት የእርስዎ ነው። ስለዚህ እስኪወርዱ ድረስ እንዲጠብቋቸው እጠይቃለሁ። የጥበቃውን አበል ጢሞቲዎስ ይሰጥዎታል።

ከአክብሮት ጋር
ይሄይስ አዝመራው


ዛጉሪ ዳር
ኅዳር 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ለአዝመራው ልጅ፣ ለይሄይስ

እንደምን ከርመሃል? ማርያም ባለህበት ትጠብቅህ። እኔ ጉልበቴም አልተሻለኝ፣ አንተም አልጠየቅኸኝ። ተስፋ አደርጋለሁ ማለት መጠየቅ አይደለም።

«ለተከበሩ ወይዘሮ» ብለህ ስትጽፍልኝ ቀበሌ የከሰሰኝ መስሎኝ ደነገጥሁ። አባትህ ሲያርፍ በእጄ የገባህ፣ በእኔ ማድ ያደግህ ልጅ ነህ። አክስትህ ነኝ፤ መቼም ይህን ትምህርት አያስረሳም።

ስልክ የማላነሣበትን ምክንያት ልንገርህ። ይሄነው ያረፈ ዕለት፣ ገና ሬሳው ከቤት ሳይወጣ ደወልሁልህ። «ዓሣዎቼን ለቀበረ ሰው ቀብር አልመጣም» ብለህ ጆሮዬ ላይ ዘጋኸው። ከዚያ ወዲህ ስልኩ ሲጮህ ያንገሸግሸኛል። ደብዳቤ ይሻላል። ቢያንስ የጀመርሁትን ሳልጨርስ አትዘጋብኝም።

ስለ ብርብራ ደግሞ ለቀባሪው አረዱት ነው ነገርህ። አንተን ዳንግላ ያስተማረህ፣ ደብተርና ጫማ የገዛልህ ይሄነው በብርብራ የያዘው ዓሣ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ እኔው ተሸክሜ ገበያ አወጣው ነበር። ያኔ አንተ ፍሬውን እየወቀጥህ «ነገ ዓሣ እንወርዳለን ወይ» እያልህ የምትጨቀጭቀን ልጅ ነበርህ። ዛሬ እኛ የወንዝ ጠላት፣ አንተ የወንዝ አባት ሆነሃል።

ለመሆኑ ዓሣዎቹ የአንተ መሆናቸውን ለይሄነው ማን ነገረው? ሌባ እንዳይሰማ ብላችሁ በሰዋራ ለቅቃችኋቸው ሄዳችሁ። እሱ ስንት ዘመን ያላየውን ነጭ ዓሣ ሲያይ «ሽታዬ፣ ማርያም መለሰችልን» እያለ እየሮጠ መጣ። ለማኅበሯ ዝክር አዋለው፤ ዘመድ ጎረቤቱም በላ። የአንተ ነው ቢባል ኖሮ ነፍሱን ይሰጥ ነበር እንጂ አይነካውም።

ዓሣው ያደገበትን ወንዝ አይረሳም ያልኸውን ሳነብ ግን ሳቅሁ። ዓሣው ከሰው ይሻላል ማለት ነው።

ጥበቃውን እሺ ብያለሁ። ለአንተ ብዬ አይደለም። ጢሞቲዎስ ቤተ ክርስቲያኑ ሌላ ቢሆንም ጨዋ ልጅ ነው፤ ጫማውን አውልቆ ነው ቤቴ የገባው። አበሉን መልሼለታለሁ። በገዛ ወንዜ ዳር ዘበኛ ተብዬ ደመወዝ አልቀበልም።

አክስትህ ሽታዬ


ጂንጃ
ኅዳር 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአክስቴ ለወይዘሮ ሽታዬ

እንደምን ሰነበቱ። ደብዳቤዎ ደርሶኛል፤ የደረሰኝም ዳንግላ ላይ ኔትወርክ ጠፍቶ ስለነበር ዘግይቶ ነው።

ማን እንዳሳደገኝ አልካድኩም። ያ ዓሣ ትምህርት ቤት አስገባኝ፤ ትምህርቱ ደግሞ ያ ዓሣ እንዴት እንዳለቀ አሳየኝ። ውለታና እውነት አንድ አይደሉም። ውለታ አለብኝ ብዬ ጥፋቱን ጽድቅ ነው ልል አልችልም። ለዝክር ዋለ ማለትዎም ዓሣዎቹን አያስነሣቸውም።

ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ጢሞቲዎስ እንደሚለኝ ጎረቤትዎ ባዬና ጓደኞቹ ከአሁኑ የብርብራ ፍሬ እየለቀሙ ነው። ይህን እርስዎ ሳያዩ አይቀሩም፤ ግን አልጻፉልኝም። ለምን እንዳልጻፉልኝ መገመት አልፈልግም። አንድ ነገር ግን በግልጽ ይወቁት፤ በዚህ ጊዜም ዓሣዎቹ ቢያልቁ ከዚያ ቤት ጋር የሚያገናኘኝ ነገር አይኖርም።

በልመናም ሆነ በቁጣ ያስቁሟቸው። ስሜ የሚረዳዎ ከሆነ በእኔ ስም የፈለጉትን ያድርጉ፤ ኃላፊነቱን እኔ እወስዳለሁ። ብቻ አንድም ዓሣ እንዳይነካ።

ይሄይስ


ዛጉሪ ዳር
ጥር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለይሄይስ አዝመራው

እንኳን ለብርሃነ ጥምቀቱ አደረሰህ፤ እዚያም ጥምቀት ካለ። መንገዱ ተዘግቶ ጢሞቲዎስ ሳይመጣ ስለቆየ ነው ዝም ያልሁህ። ዝምታዬን እንደገና ወንጀል እንዳታደርግብኝ።

«ከዚያ ቤት ጋር የሚያገናኘኝ ነገር አይኖርም» ያልኸውን አንብቤዋለሁ። አሁንስ ምን አለና ነው? ይሁን፤ ሆድ ይፍጀው።

እንግዲህ ያደረግሁትን ስማ። ባዬን መጀመሪያ በደግ ቃል ለመንሁት። «እትዬ፣ ወንዝ የእግዜር ነው» አለኝ። በቁጣም ተናገርሁት፤ ሳቀብኝ። ጥር ሲገባ ወንዙ ቀጥኖ ነበር። ለከተራ ወጣቶቹ እንደ ልማዳቸው ከመሬቴ ሥር ወንዙን በድንጋይና በሣር አፈር ገድበው ባሕረ ጥምቀቱን ሠሩ። ውኃ ያለው እዚያ ብቻ ስለሆነ ዓሣዎችህም ተሰብስበው እዚያው ገቡ። ከላይ ሆነህ ስታያቸው ውኃው በእነሱ ያንጸባርቅ ነበር። ባዬ የተወቀጠ ብርብራ በጆንያ አድርጎ ታቦቱ እስኪገባ ብቻ ነበር የሚጠብቀው።

ቄስ ስማቸው ዘንድ ሄድሁና ገዝቱልኝ አልኋቸው። «በማን ስም?» አሉ። በዓሣዎቹ ባለቤት፣ በይሄይስ አዝመራው ስም አልሁ፤ አንተው እንደጻፍኸው። ለጥምቀት ሕዝቡ ሁሉ በተሰበሰበበት፣ መስቀላቸውን ወደ ውኃው ዘርግተው ገዘቱ፤ እነዚህን ዓሣዎች የነካ፣ ያስነካ፣ ከዚህ ውኃ ያስወጣ፣ ግድቡን ያፈረሰ የተገዘተ ይሁን ብለው። «ግድቡን ያፈረሰ» የሚለውን ያስጨመርሁት እኔ ነኝ። ዓምና እነባዬ ግድቡን አፍርሰው ውኃውን አፍስሰው፣ ጭቃ ላይ የቀረውን አምባዛ በእጃቸው ሲለቅሙት አይቻለሁና ቀዳዳ እንዳይኖረው ብዬ ነው።

ባዬ ጆንያውን ተሸክሞ አንገቱን ደፍቶ ሄደ። አሁን በዚያ ውኃ ሕፃን እንኳ ጠጠር አይወረውርም። ግድቡ በየዓመቱ በጥምቀት ማግስት ይፈርስ ነበር፤ ዘንድሮ ማን ደፍሮ።

እንግዲህ አንድም ዓሣ አልተነካም። ማመስገን ቢከብድህ ዝም በል፤ ለምጄዋለሁ።

አክስትህ ሽታዬ


ጂንጃ
ጥር 26 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወይዘሮ ሽታዬ

ደብዳቤዎ ደርሶኛል። በመጀመሪያው ደብዳቤዬ ጫጩቶቹ ውኃው ሳይቆረጥ ወደ ሐይቁ እንደሚወርዱ ጽፌ ነበር። በር ቆልፈው ውስጥ አስቀምጠዋቸው፣ ቁልፉንም ወርውረው «ጠበቅሁልህ» ይሉኛል?

የቆመ ውኃ በበጋ ፀሐይ ይሞቃል። ሲሞቅ በውስጡ ያለው አየር ያልቃል፤ ዓሣው ውኃ ውስጥ ሆኖ ይታፈናል። ከመጋቢት አጋማሽ በኋላ ደግሞ ግድቡ ቢከፈትም ወደ ግልገል ዓባይ የሚያደርስ ወራጅ ውኃ አይኖርም። ብርብራ በአንድ ጠዋት ይገድላል፤ የእርስዎ ግድብ በአንድ ወር ይገድላል። ልዩነታቸው ይኸው ነው። ጋሼ ይሄነው የጀመሩትን እርስዎ እየፈጸሙላቸው ነው።

ግዝት ምንድን ነው? የአንድ ሽማግሌ ቃል ነው። ዛሬውኑ አካፋ ይዘው ይውረዱና ግድቡን ይክፈቱ። ይህ ልመና አይደለም።

ይሄይስ


ዛጉሪ ዳር
የካቲት 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለይሄይስ

ሰላምታ አልላክህም፤ እኔም የምመልሰው የለኝም።

ይወርዳሉ ብለህ ጽፈሃል። መቼ እንደሚወርዱ ግን አልጻፍህም። የኋለኛው ደብዳቤህ የሚለው «አንድም ዓሣ እንዳይነካ» ነው። እኔ በቃልህ አደርሁ። አዋቂው አንተ ነህ፤ አለቀ የምትለውን ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው የምትነግረን።

የሞተን ሰው ስም ደግሞ በየደብዳቤህ አትጎትት። ይሄነው እንደ አንተ ያለ ክፉ ቃል ከአፉ ወጥቶ አያውቅም።

ያም ሆኖ ዓሣዎቹ እንዳይሞቱ ብዬ ቄስ ስማቸውን ፍለጋ ወጣሁ። ለሰበካ ጉዳይ ቆሰበር ሄደዋል አሉኝ። በዚህ ጉልበቴ እስከ ዳንግላ በጋሪ፣ ከዚያ በሚኒባስ ቆሰበር ድረስ ተከተልኋቸው። ገዛቹም ፈቺውም እርስዎ ነዎትና ይፍቱልኝ አልሁ። አዳምጠውኝ ሲያበቁ «በይሄይስ ስም ነው የገዘትሁት። እሑድ ቀን ከቅዳሴ በኋላ ድንጋይ በአንገቱ ተሸክሞ ሕዝቡ ፊት ይቁምና ይለምነኝ፤ ያን ጊዜ እፈታዋለሁ» አሉኝ። እኔ ልሸከም አልኋቸው። «አንቺ የተላክሽ ነሽ፤ ላኪው ይምጣ» አሉ። ክፋት አይደለም። ሥርዓቱ ነው፤ አንተም ልጅ ሆነህ ስንቱ ሲሸከም አይተሃል።

የአንድ ሽማግሌ ቃል ነው ያልኸውን እዚህ መጥተህ ለሕዝቡ ንገረው። ከታች ያሉት ሰዎች ከብቶቻቸው የሚጠጡት አጥተው በየቀኑ ደጄ ላይ እየመጡ ይጮኹብኛል። ያን ያህል ተጠምተውም ግን አንዲት ድንጋይ የነቀለ የለም።

ዓሣህን ከወደድህ ና።

ሽታዬ


ጂንጃ
የካቲት 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአክስቴ

ልመጣ አልችልም። እዚህ በእኔ እጅ ያሉት ኩሬዎች አሁን የመራቢያ ጊዜያቸው ነው። ለቄስ ስማቸው አንድ ወረቀት አያይዣለሁ፤ ግዝቱ በእኔ ስም ስለሆነ እኔው እንዲነሣ መጠየቄን ይገልጻል። ፈርሜበታለሁ። ይበቃል።

ብችልም እንኳ አልመጣም ነበር። ድንጋይ አንገቴ ላይ አድርጌ የቆምኩ ዕለት ሰዉ የሚያየው ስለ ዓሣ የሚለምን ሰው አይደለም። ከጋሼ ይሄነው ቀብር በመቅረቱ የሚንበረከክ ሰው ነው። እርስዎም የሚፈልጉት ያንን ነው፤ ገብቶኛል። ዓሣዎቼን መያዣ አድርገው የእኔን አንገት እየጠየቁ ነው።

ወረቀቱን ይስጧቸው።

ይሄይስ


ዛጉሪ ዳር
የካቲት 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይሄይስ ሆይ

ቄስ ስማቸው ወረቀትህን አንብበው በደንብ አጥፈው መለሱልኝ። «ግዝቱ በወረቀት አልታሰረም፣ በወረቀት አይፈታም» ነው ያሉት።

ያልኸው ግን አንዱ ልክ ነው። መቃብሩ ላይ እንድትቆም እፈልጋለሁ። ለምን አልፈልግም? የራሱ ልጅ አልነበረውም። ሲያጣጥር በሩን እያየ «መጣ ወይ?» ይል ነበር። መንገድ ላይ ነው እያልሁ ዋሽቼው ነው የሞተው። ሌላው ግን ሐሰት ነው። ዓሣዎችህን መያዣ አላደረግሁም። መያዣ የሚያደርግ ሰው እኔ እንደማደርገው አያደርግም።

የድንቼን መስኖ ዘግቼ ያለችኝን የምንጭ ውኃ ወደ ባሕረ ጥምቀቱ ለቅቄአታለሁ። ድንቹ እየጠወለገ ነው፤ ይጠውልግ። ግድቡን ከሞላ በኋላ በላዩ ተርፎ ቢወርድ ከታች ያሉትም ይተርፉ ነበር፤ ነገር ግን መሬቱ ይጠጣዋል። ውኃው ዳር ዳሩን ሸሽቷል። ጠዋት ስወርድ ዓሣዎቹ አፋቸውን ወደ ላይ አድርገው ሲያንጋጥጡ አገኛቸዋለሁ። በጎናቸው የተኙ አሉ። የሞቱትንም የሚያነሣ የለም፤ ሞተውም ግዝቱ አለባቸው። የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው ሲሉ ተረት ይመስለኝ ነበር።

ስድቡን ልተውልህ፤ አንተም ተወኝ። አሁንም ጊዜ አለ። ለአንድ እሑድ ና። ከፈለግህ ሰኞ ተመለስ፤ ቤቴም አትግባ። ዳንግላ ሆቴል እደር። ብቻ ናና አስፈታው።

አክስትህ ሽታዬ


ዛጉሪ ዳር
መጋቢት 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለይሄይስ

መልስህን ስጠብቅ መልስህ በመኪና መጣ።

ዝም ስትለኝ እየመጣህ ነው ብዬ አስቤ ነበር። የጓዳውን ክፍል ጠርጌ አዲስ ፍራሽ አስገባሁ። ይህን ጅልነቴን እንድታውቀው ነው የምጽፍልህ።

መጀመሪያ ጢሞቲዎስ ወርዶ «እትዬ፣ እኔ የለሁበትም» አለኝ። ከኋላው ሹማምንት ነን የሚሉ ሁለት ሰዎች፣ አንድ ፖሊስ፣ አካፋና ዶማ የያዙ የቀን ሠራተኞች። በአንተ ማመልከቻ ግድቡ እንዲፈርስ የሚል ወረቀት አነበቡልኝ። ግዝት አለበት ብላቸው አንደኛው «እናቴ፣ እኛ የመንግሥት ሥራ ነው የምንሠራው» ብሎ አለፈኝ።

ወዲያው ደወል ተደወለ። ሕዝቡ እንደ ጎርፍ ወረደ፤ ዱላ የያዘ፣ ማጭድ የያዘ። ከፊት ማን እንደነበረ ታውቃለህ? ባዬ። ያ ብርብራ የወቀጠ ባዬ ግድቡ ላይ ቆሞ «በሬሳዬ ላይ» ይላል። ሠራተኞቹ ወደኋላ አሉ። ፖሊሱ ጠመንጃውን ከትከሻው አወረደ። ቄስ ስማቸው መስቀል ይዘው መሐል ገቡ፤ የሚሰማቸው ጠፋ። የባዬ ሚስት ልጇን አዝላ ከኋላው ትጮኻለች።

ሰው ሊሞት ነበር ይሄይስ። ለእነዚህ የወይራ ቅጠል ለሚያካክሉ ዓሣዎች ሰው ሊሞት ነበር።

ወረድሁና ውኃው ውስጥ ገባሁ። ባዬ እኔን ሊገፋኝ አልደፈረም፤ በጀርባዬ አዝዬ ያሳደግሁት ልጅ ነው። የመሐሉን ድንጋይ በእጄ ነቀልሁት። ከዚያ ሌላውን። ውኃው ሲናድ እኔንም አብሮ ጣለኝ፤ ዓሣዎችህ በእግሬ መሐል እየተሽቀዳደሙ ወረዱ። ተናድጄም ቢሆን ሳያቸው ያምሩ ነበር። ያን አልዋሽህም።

ባዬ ነው ከጭቃው ያነሣኝ። ሰዎችህ ወረቀታቸውን ይዘው ሄዱ። ቄስ ስማቸው አለቀሱ።

ግዝቱ የገባው ማን ላይ እንደሆነ አሁን ሳትረዳው አትቀርም። ቅዳሴ የማስቀድሰው ከአጥሩ ውጭ ቆሜ ነው። ቁርባን የለኝም። ብሞት ፍትሐት የለኝም፤ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር አልገባም። ይሄነው ሲቀበር ከጎኑ ለእኔ ቦታ አስይዤ ነበር። እሱን ሳትቀብር ቀረህ፤ እኔን ደግሞ ከጎኑ እንዳልቀበር አደረግኸኝ።

ፍቺው ያው የነበረው ነው። ላኪው መጥቶ ይለምን ይላሉ። ከዚያ ውኃ ከወጣሁ ወዲህ ደረቴን ይወጋኛል፤ ሌሊት ያስለኛል። ይህን የምነግርህ እንድታዝን አይደለም፤ ጊዜው ረጅም እንዳይመስልህ ነው።

ሽታዬ


ጂንጃ
ሚያዝያ 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አክስቴ ለወይዘሮ ሽታዬ

እንደምን ከረሙ። እንኳን ለዐቢይ ጾም መፈጸሚያ በሰላም አደረሰዎ። ሳልዎ እንዲሻልዎ እመኛለሁ። ጢሞቲዎስ ዳንግላ ጤና ጣቢያ እንዲወስድዎ ነግሬዋለሁ።

ትልቅ ዜና አለኝ። ጢሞቲዎስና ባልደረቦቹ ግልገል ዓባይ ላይ መረብ ዘርግተው የሚወርዱትን ዓሣዎች እየያዙ፣ እየቆጠሩ ለቀዋቸዋል። ከለቀቅናቸው ከግማሽ የሚበልጡት በሕይወት ወርደዋል። ይህን ያህል ይተርፋል ብሎ የጠበቀ ማንም አልነበረም። ከመስኖዎ የለቀቁት ውኃ ባይኖር ኖሮ አንዱም አይተርፍም ነበር፤ ይህንን በሪፖርቴ ላይ ስምዎን ጠቅሼ ጽፌአለሁ። መሥሪያ ቤቱም የምስክር ወረቀት አዘጋጅቶልዎታል።

ሰዎቹን የላክኋቸው ሌላ መንገድ ስላጣሁ ነው። ያን ያህል ሕዝብ ይወጣል ብዬ አልገመትኩም።

ስለ ሌላው ጉዳይ ነገሩ ሲረጋጋ ቀስ ብለን እናየዋለን። ሰው በሠራው በጎ ሥራ ይገዘታል ብዬ አላምንም፤ ቄሱም ንዴታቸው ሲበርድ ይተዉታል። አሁን ሥራ የሚበዛበት ጊዜ ነው። ነገር ግን የመጀመሪያዎቹ ዓሣዎች አድገው ሲመለሱ፣ ከሦስት ክረምት በኋላ፣ ለማየት ራሴ ዛጉሪ ዳር እገኛለሁ። ይህን ቃል እገባልዎታለሁ።

ይሄይስ አዝመራው


ዛጉሪ ዳር
ሚያዝያ 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለይሄይስ

የምስክር ወረቀቱ ደርሷል። ጢሞቲዎስ በመስታወት አስገብቶ አመጣው፤ ሲሰጠኝ ቀና ብሎ አላየኝም። ስሜ በትልቁ ተጽፏል። ጤና ጣቢያም ወስዶኛል፤ ሳንባሽ ውኃ ቋጥሯል ብለው ክኒን ሰጡኝ።

ዓሣዎቹ በመትረፋቸው ደስ ብሎኛል። ከአንተ ደብዳቤ ሁሉ ያቺን መስመር ደግሜ አነበብኋት።

ቄስ ስማቸው ይበርዳቸዋል ብለሃል። እሳቸው ከመጀመሪያውም አልተናደዱም። በየሳምንቱ አጥሩ ሥር ድረስ ይመጡና «ወሬ አለ ወይ?» ይሉኛል። የለም እላቸዋለሁ። ራሳቸውን ነቅንቀው ይገባሉ። ሥርዓት ሰው ሲያዝን አይለወጥም። አንተ ስትናደድ ነው ሁሉም ሰው የተናደደ የሚመስልህ።

ለዓሣዎቹ እመጣለሁ ብለህ ቃል ገብተሃል። ለይሄነው ቀብር ቂም ነበረብህ፤ ለእኔ እሑድ ኩሬ ነበረብህ፤ ለዓሣ ግን ከሦስት ክረምት በፊት ቀን ቆረጥህ። ተመስገን፤ መምጣት የማትችል አለመሆንህን አወቅሁ።

ትናንት ባዬን ጠርቼ ወደ ወንዙ ወረድን። እንደምታውቀው ገደሉ ግራና ቀኙን ስለዘጋው ወደ ዛጉሪ የምታወርደው ያቺ ቀጭን መንገድ ብቻ ናት። እግሬን ቦታው ላይ አድርጌ «ስሞት እዚህ ቅበረኝ» አልሁት። «እትዬ፣ መንገዱ ላይ?» አለኝ። መንገዱ ላይ አልሁት። እያለቀሰም ቢሆን በድንጋይ ምልክት አድርጎልኛል። ከመንገዱ እኩል እንዲያደርገው፣ ክምር ድንጋይም እንዳያቆምብኝ አስምዬዋለሁ።

ከእንግዲህ አትጻፍልኝ። በሦስተኛው ክረምት ዓሣዎችህን ልታይ ስትወርድ መጀመሪያ እኔን ትረግጣለህ።

አክስትህ ሽታዬ